ያለ ምራቂ የከረምንባቸው ሳምንታት

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

በስድሳ አንድ ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ! ሠላሳ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ኖሬ፣ ዛሬ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን አወጣሁ። ያውም ሁለት ጊዜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለባለቤቴ ለጽጌ ደብዳቤ መጣላት። ለአነስተኛ ነጋዴዎች በብራንዲንግ፣ በኢኖቬሽንና በሶሻል ሚዲያ የስድስት ቅዳሜ ነፃ ሥልጠና አለ ይላል። ጽጌ እዚህ ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ የባቢሌ ለውዝ ቆልታ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ደብዳቤውን አንብቤላት ስጨርስ ሳቀች። “ቅዳሜን የሚያህል ገበያ ትቼ? አንተ ሂድልኝ። አንተ ምን ሥራ አለህ?” አለች። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ቆነጠጠችኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሄድኩ።

አሠልጣኙ ዮሲ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በኤደን ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። (ኤደን ልጃችን ናት፤ ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ደብተሩ ታሪክ ከሆነ ብዬ ነው።) “ስም የሌለው ዕቃ፣ የለም ማለት ነው” አለ። ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። የጽጌ ለውዝ ስም የለውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌለ ዕቃ ስትሸጥ ኖራለች ማለት ነው!

በባጃጅ ስመለስ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16

የቤት ሥራዬን ልሠራ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ከጽጌ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንደ ኢንስፔክተር ጉድለት መዘገብኩ። ሰሌዳ የለም። ሎጎ የለም። መጠቅለያው የእኔ የድሮ የፈተና ወረቀት ነው። አንዱ ደንበኛ ለውዙን እየበላ ስለ ዋቢ ሸበሌ የሚጠይቀውን ቁጥር ሰባትን አነበበና መልሱን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሌላም ወረቀት አምጣ አለኝ።

ትልቁ ጉድለት ግን ምራቂው ነው። መጀመሪያ ሁሉም ሰው እጁን ሰዶ ይቀምሳል። ከዚያ በጣሳ ትሰፍራለች። ሰፍራ ስታበቃ እጇን ወደ ቅርጫቱ ትመልስና አንድ ጭብጥ ትጨምራለች፤ ለአንዳንዱም ሁለት። ሐጂ ዓብዱላሂ የሚባሉ ሽማግሌ ደንበኛ አሏት። ጥርሳቸው ስለተጎዳ ለዘብ ብሎ የተቆላና ገለባው የወጣለት ብቻ ነው የሚበሉት። ለእሳቸው ለብቻ ቆልታ በጨርቅ ሸፍና ትጠብቃቸዋለች።

“ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንድ ሰው?” አልኳት።

“አንድ ሰው አይደሉም፤ ሐጂ ናቸው” አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ሥራውን ዘመናዊ ስናደርገው የት እንደምንደርስ ተነተንኩላት። “አባይነህ፣ የወደድከውን አድርግ” አለች። “ደንበኞቼን ብቻ እንዳታሳጣኝ። እኔ ከእነሱ ሌላ ሀብት የለኝም።” ማሳጣት! እኔ ላበዛላት እንጂ!

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 21

ዛሬ ደንበኛ ፈጠርን። ዮሲ “የምትመኙትን ደንበኛ ሳሉት፤ ስም ስጡት፣ ዕድሜ ስጡት፣ የሚወደውን ጻፉ” አለ። የእኔ ሳሙኤል ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ባንክ ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል። ለውዝ ይወዳል፣ ግን በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አይነካም። ዮሲ ለክፍሉ አነበበው። ተጨበጨበልኝ!

ማታ ለጽጌ አነበብኩላት። በጥሞና አዳመጠችኝ። “ጨዋ ልጅ ይመስላል” አለች። “መቼ ነው የሚመጣው?”

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 25

ስሙ ተወለደ። ሮያል ጀጎል ፕሪሚየም ለውዝ!

ሎጎውን አንድ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ልጅ ሳለልኝ፤ ዘውድ የደፋ ጅብ ነው። ጽጌ ወረቀቱን አርቃም አቅርባም አየችው።

“ጅብ ለውዝ አይበላም” አለች።

“ምልክት ነው። ሐረር ሲባል ሰው የሚያስበው ጅብ ነው።”

“እሱስ ነው። ግን ከጅብ እጅ ማን ይገዛል?”

ከጎኗ በርበሬ የምትሸጠው፣ ሙሉ የምትባለው ጓደኛዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጅቡ ግን ይቆያል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28

ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፈትኩ። ከምሳ በፊት ሠላሳ ሰባት ላይክ! ክፍል ውስጥ እንኳ ሠላሳ ሰባት ተማሪ በአንድ ጊዜ ሰምቶኝ አያውቅም። ጎንደር የሚኖረው የድሮ ባልደረባዬ እንደሻው “አንተ ሰው፣ አለህ እንዴ?” ብሎ ጻፈልኝ። አለሁ!

ትምህርቱ ስለ ማሸጊያ ነበር። በታሸገ ዕቃ ላይ ምራቂ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። ዮሲ ትንሽ አሰበና “ጋሼ፣ እሱን መጀመሪያ ደንበኞቻችሁን ጠይቋቸው” አለኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከረጢት አሳትሞ የሚያመጣልኝ ሰው ነገ ጠዋት ወደ ድሬዳዋ ይነሣል፤ መጠየቂያ ጊዜ የት አለ? ሰው ምቾት ሲያይ ይለምዳል። ሦስት ሺህ አዘዝኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 2

ከረጢቶቹ ደረሱ። ያብረቀርቃሉ። ጅቡ ወርቃማ ሆኖ ወጥቷል፤ ዓይኑ ትንሽ ፈጠጥ ብሏል እንጂ።

በኤሌክትሪክ ማሸጊያው አፋቸውን ስናሽግ አመሸን። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋብን። ጽጌ ሌባ ጣቷን ተለበለበችና ቅቤ ቀባችው። ደንቡን ነገርኳት። አቆላሉ አንድ ዓይነት፤ ሚዛኑ ሁለት መቶ ግራም፤ መቅመስ የለም፤ ምራቂ የለም። ምራቂ የለም ስል ቀና ብላ አየችኝ። ክርክር ይመጣል ብዬ ማስረጃዬን ሁሉ አሰናድቼ ነበር።

“እሺ” አለች። እሺ ብቻ።

እንዲህ ቶሎ ይገባታል ብዬ አልጠበቅሁም። ደስ ብሎኝ ዘለልኩ፤ ወገቤን አመመኝ። እሷ አጨበጨበችልኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 4

ቸኩያለሁ። ፀሐይ ሳትወርድ ፎቶ ማንሣት አለብኝ። ላይክ 212። ጠዋት እያፏጨሁ ስታጠብ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አሁንም ቀይ ነው። ጽጌ ለቀኑ የያዘችውን ሠላሳ ከረጢት ሠላሳውንም ሸጥኩ አለች። ሠላሳውንም! ድምጿ ደክሟል። ሥራ ሲበዛ እንዲህ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 6

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሙሉ አብራን መጣች። እኔ ሳሎን ሆኜ ለአስተያየቶች መልስ ስጽፍ (“ዋጋው ስንት ነው?” የሚል አሥራ ሁለተኛ ሰው፤ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ሐረር አይኖሩም) በረንዳ ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

“ንገሪው እንጂ፣ አቦ! እስከ መቼ?” ትላለች ሙሉ።

“ተይው። ጠዋት ሲያፏጭ ሰምተሽዋል?”

“ፉጨት ይበላል?”

“ለእኔ ይበላል።”

ስለ ማን እንደሆነ አልያዝኩትም። የሙሉ ልጅ ማፏጨት ሳይወድ አይቀርም። ደግሞስ የሴት ወሬ ማድመጥ ምን አገባኝ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ውድድር አለ! ብዙ ሰው የሳበ ገጽ ያለው ነጋዴ አዲስ አበባ ባዛር ላይ የነፃ ቦታ ያገኛል። ዮሲ ከዚያ በኋላ የተናገረውን አንድም ነገር አልሰማሁም።

ከሥልጠናው በቀጥታ ቪዲዮ ልቀርጽ ወደ ጽጌ ሄድኩ። ጥሩ ሰዓት ነበር የደረስኩት፤ መደቧ ፊት ማንም ስላልነበረ የሚጋርደኝ አልነበረም። ፈገግ በይ ስላት ጥርሷን ብቻ አሳየችኝ። ሰባት ጊዜ ቀረጽኳት። በሰባተኛው “አባይነህ፣ ፊቴ ደከመ” አለች፤ እሱን ነው የለጠፍኩት። በጣም ተወደደ።

ሐጂ ዓብዱላሂ በማዶ በኩል ሲያልፉ አይቼ እጄን አነሣሁላቸው። አላዩኝም። ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ። ዕድሜ ነው።

ላይክ 640።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 15

ከባቢሌ ጥሬ ለውዝ የሚልክልን ጌታቸው ደወለ። “ሁለት ሳምንት ሊሞላችሁ ነው፤ ጆንያ አልጠየቃችሁኝም። ሰላም ናችሁ?” አለ። እውነቱን ነው። ጽጌ በፊት በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ትጨርስ ነበር።

ነገሩ ከነከነኝ። ምሳ እየበላሁ ሳስብ ቆየሁና በመጨረሻ ገባኝ። ምራቂ ቀርቷል! በጭብጥ በጭብጥ ሲበተን የኖረው ለውዝ ነው አሁን የተረፈን። ያንኑ ያህል ሸጠን ትንሽ ለውዝ ብቻ ፈጀን፤ ኢኖቬሽን ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ትንሽ የቆጨኝ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሳላስቀራት መኖሬ ነው። ለጽጌ ስነግራት ውሃ እየጠጣች ነበር፤ ትን አላት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 19

ሥልጠናው አለቀ። ምስክር ወረቀት ተሰጠን። ምዝገባው በጽጌ ስም ስለነበር “ወይዘሮ ጽጌ!” ተብሎ ተጠራ፤ እኔ ተነሣሁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ተብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ። እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ረመዳን ዛሬ ገባ። ጅቡን ከጨረቃ ጋር አድርጌ የመልካም ጾም ምኞት ለጠፍኩ። ሎጎውን የሳለልኝ ልጅ ዘውዱን አንሣለት ቢለኝ ይሻል ነበር፤ እንጃ። በረመዳን ገበያው የሚደምቀው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ ማፍጠሪያ ሲቃረብ መተላለፊያ አይገኝም። ጽጌ ግን ከወትሮው ቀድማ ገባች። ሁሉም አለቀ አለች።

“ሳሙኤልስ መጣ?” አልኳት።

“ሳሙኤል ጾም ላይ ነው።”

“ሳሙኤል እኮ ክርስቲያን ነው!”

“እንግዲያ አኩርፎ ይሆናል።”

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ሳቋን ቀድማኝ ጨረሰች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 23

ኢንተርኔት የለም። ለተማሪዎቹ ፈተና ሲባል ተዘግቷል አሉ። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። ጣሪያ ላይ ይዤው ወጣሁ። የለም። ትናንት ማታ 1,140 ላይ ነበርኩ። አሁን ስንት እንደሆንኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 24

የለም። ጽጌ “ዛሬ አታፏጭም?” አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እኩለ ቀን ላይ ገበያዋን ለሙሉ ትታ ምሳ ልታበላኝ ተመለሰች። ደህና ነኝ ብያታለሁ እኮ። ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 25

ሁሉንም ሳላሳምር ልጻፈው።

ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ። ማፍጠሪያ ሲቃረብ ሽሚያው ላይ ላግዛት ብዬ፣ ሳልነግራት ወደ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ከሩቅ አየኋት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከረጢቶቹ ፊቷ ተደርድረዋል። ከታች ሌላ ለውዝ ሻጭ ዘንድ ሰው ይጋፋል፤ እሷ ዘንድ ማንም የለም። አሁን ይመጣሉ ብዬ የሙሉን የበርበሬ ጆንያ ተከልዬ ቆምኩ። አስነጠሰኝ፤ አፍንጫዬን ይዤ ቻልኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። አንዲት ሴት መጥታ ከረጢቱን ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው። “ክፈቺልኝ፣ ልቅመስ” አለች። “አይከፈትም፣ እቱ” አለቻት ጽጌ። ሴትየዋ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሐጂ ዓብዱላሂ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ወደ ጽጌ ሁለት ሦስት እርምጃ መጡ። አይተዋት ቆሙ። ከዚያ ታጥፈው ወደ ታችኛው ሻጭ ሄዱ። ዓይናቸው ደህና ነው። ምንም አልሆነም።

ጽጌ ከረጢቶቹን ሰበሰበችና ከሙሉ መደብ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ መጋዘን ገባች። ስትወጣ እጇ ባዶ ነበር። እሷ ስትሄድ ጠብቄ ገባሁ። ሦስት ጆንያ ሙሉ፣ አንዱም ያልተከፈተ። ጅቦቹ ሁሉ አፍጥጠው አዩኝ። በርበሬ በርበሬ ይሸታሉ።

ሙሉ ከኋላዬ ደረሰች። “ጋሼ፣ በማርያም፣ እኔ አልነገርኩዎትም” አለች። “ራስዎ አዩት።”

“ሸጥኩ እያለች እኮ ነው የምትነግረኝ።”

“እርስዎ እየሳቁ ‘ስንት ሸጥሽ?’ ሲሏት ምን ትበል?”

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ። ይህን ተረት ስንት ክፍል ፊት ቆሜ አስተምሬበታለሁ። እኔ ደደብ! እኔ ሽማግሌ ደደብ! “ደንበኞቼን እንዳታሳጣኝ” ብላኝ ነበር እኮ፤ ሌላ ምንም አልለመነችኝም።

በሌላ ቅያስ ዞሬ ቀድሜያት ገባሁ። ስንት ሸጥሽ አላልኳትም። ራሷ “ሠላሳውም አለቀ” አለች። “ጎበዝ” አልኳት።

እሑድ፣ ግንቦት 27

ሐጂ ዓብዱላሂ ቤት ሄድኩ። ጀጎል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ላይ ነው። ገና ጫማዬን አውልቄ ሳልቀመጥ “መምህር፣ ጽጌ አማን ናት?” አሉኝ።

“ደህና ናት። ሐጂ፣ ለምን ተዉን?”

መቁጠሪያቸውን ጥቂት ቆጠሩ። “ወላሂ፣ ያጠፋሁትን አላውቅም” አሉ። “ያን ቀን ሄድኩ፤ ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር ሰጠችኝ። እጇን እስክትመልስ ቆሜ ጠበቅሁ። አልመለሰችም። ልጇ ታማባት እንኳ እያለቀሰች ጨምራልኝ ታውቃለች። ተቀይማኛለች አልኩ። ጊዜውም ሰው በረባ ባልረባው የሚቀያየምበት ሆኗል። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ቆሜ ‘ምን አጠፋሁ?’ ከምላት፣ ዓይኗን ባላይ ይሻለኛል አልኩ። ሌላው ደንበኛዋ ዩሱፍም እንዲሁ ነው የሚለኝ።”

እኔ የሦስት ሳምንት ላይክ ስቆጥር፣ እኚህ ሰው የሦስት ሳምንት ጥፋታቸውን ሲፈልጉ ነበር።

“እሷ አይደለችም፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

“ለምን?”

ስድስት ቅዳሜ የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። “ሳሙኤል ለሚባል ልጅ ብዬ ነው” አልኩ።

“ማነው ሳሙኤል?”

“የለም።”

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። “አስተግፊሩላህ! ዛሬ ጾሜን ልታስፈታኝ ነው የመጣኸው” አሉ፤ በሳቅ እንባቸው መጣ። እኔም ሳቅሁ። የእኔ እንባ ግን ከሳቅ ብቻ አልነበረም።

ሰኞ፣ ግንቦት 28

መቀስ ይዤ የሙሉ መጋዘን ገባሁና ከረጢት መቅደድ ጀመርኩ። ሃያ ያህል እንደቀደድኩ ጽጌን በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከተቀደደው አንድ ፍሬ አንሥታ ቀመሰችና ተፋችው።

“ሰንብቷል። ይሄን ለሰው አልሸጥም።”

ሙሉ ለዶሮዎቿ ወሰደችው። በሐረር ታሪክ ፕሪሚየም ለውዝ የበሉ ዶሮዎች የእሷ ብቻ ናቸው። ይሄን ስናገር ጽጌ ሳቀች፤ እንደ ድሮዋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። ከዚያ “ገጽህስ? ገጽህን ግን እንዳትዘጋ” አለችኝ። ከደንበኞቿ ቀድማ ስለ ገጼ ተጨነቀች፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 30

ካርታ ሠራሁ!

ጽጌ እየቆላች ትነግረኛለች፣ እኔ እስላለሁ። ከሸዋ በር ሲገቡ ሁለተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴ በር፤ ዩሱፍ፤ ጠቆር ያለ፣ ጨው የበዛበት። ከመስጊዱ ጀርባ ያሉት እህትማማቾች፤ አንዷ ከነገለባው፣ አንዷ ያለ ገለባው፣ አንድ ላይ ከተጠቀለለ ይጣላሉ። መምህርት ሊዲያ፤ ለልጆቿ፣ ያለ ጨው። ሃምሳ ስምንት ቤት! አንዱንም ጽፋው አታውቅም፤ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። የአማዞንን ገባሮች በቃሌ የምወጣ ሰውዬ፣ የሚስቴን ደንበኞች ሠፈር አላውቅም ነበር።

ቅርጫት ይዤ መዞር ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ቤት እንደየአመሉ የተቆላ አንድ ጭብጥ አስቀምስና “ጽጌ አልተቀየመችም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው” እላለሁ። ዛሬ አሥራ አራት በር አንኳኳሁ። አንዷ በመስኮት “ያንን ጅብ ይዘህ ከመጣህ አልከፍትም!” አለችኝ። ጅቡን ቤት ትቼዋለሁ ብዬ ማልኩላት።

ጉልበቴ አለቀ። ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 3

ኢንተርኔት ከተመለሰ ሰንብቷል አሉ። ልብ አላልኩም!

ዮሲ ደወለ። “ጋሼ፣ አሸንፈዋል! አንደኛ!” ግቢው ውስጥ ጨፈርኩ። ጎረቤት ወጥቶ አየኝ። ባዛሩ ከሰኔ 15 እስከ 18 ነው፤ መጓጓዣም ማደሪያም በእነሱ። የሮያል ጀጎል ሰሌዳ አዲስ አበባ ላይ!

ከዚያ ቀኑን ቆጠርኩ። ሰኔ 18 ኢድ ነው። ሰው ሁሉ ለእንግዳ ለውዝ የሚገዛው በዋዜማዎቹ ነው፤ ከሃምሳ ስምንቱ ገና ሠላሳ አንዱ ናቸው የተመለሱት። የቀሩት ዘንድሮ በኢድ ካልመጡ ሌላ ቤት ለምደው ይቀራሉ። ጽጌ “ሂድ። እኔ እችለዋለሁ” አለች። እውነትም ትችለዋለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 5

ለዮሲ መልእክት አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ አጠፋሁ። መሄድ ፈልጌያለሁ፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። መድረክ ላይ ስሜ ሲጠራ ታየኝ። በመጨረሻ ደወልኩለት።

“አልመጣም።”

“ጋሼ፣ ምን ሆኑ?”

“ደንበኛ አለብኝ” አልኩት።

ይህን ስናገር እንዴት እንደኮራሁ! ዮሲም “ጋሼ፣ ከሁላችንም በላይ የተማሩት እርስዎ ነዎት” አለ። ደግ ልጅ ነው። ደንበኞቹን ጠይቁ ብሎኝ ነበር እኮ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 17

እጄ ጨው ጨው ይላል፤ በአጭሩ። ዋዜማ። ሕዝብ! ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቀና አላልንም። ጽጌ ትሰፍራለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ። የፈተና ወረቀቱ አልቆ የእንደሻውን የድሮ ደብዳቤዎች ልጀምር ስል ሙሉ ከለከለችኝ። እህትማማቾቹ መጡ፤ በሁለት ጥቅል ለየሁላቸው።

ሐጂ ዓብዱላሂ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ጽጌ የእሳቸውን በጨርቅ ሸፍና አቆይታለች። ቀመሱ። ሰፈረች። እጇን መለሰች። አንድ ጭብጥ። ሁለት። ሦስተኛውን ስትጨምር እጇን ያዙት፤ “በቃ ልጄ፣ በቃ፤ ገብቶኛል” አሉ። ጽጌ ቀና አላለችም። የሚቀጥለውን ሰው “ምን ልስጥህ?” አለችው፤ ድምጿ ግን ልክ አልነበረም።

ሃምሳ ሰባት። መምህርት ሊዲያ ብቻ ቀረች፤ በአክብሮት “ሌላ ቦታ ለምደናል” አለችኝ። ጽጌ መብቷ ነው አለች። ግን አመሻሹ ላይ በዚያ በኩል የሚመጣውን ሰው ደጋግማ ስታይ አየኋት።

እሑድ፣ ሰኔ 18

ኢድ ነው። ገበያው ዝግ ነው። ሐጂ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር፤ ለእኛ ከክርስቲያን ቤት ያሳረዱትን ለብቻ አቀረቡልን። ሲወጡ ሲገቡ ለእንግዳው ሁሉ “ሳሙኤልን የሚያውቀው ሰውዬ ይሄ ነው” እያሉ አስተዋወቁኝ።

ከዚያ ጽጌ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ሐኪም ጋራ እንውጣ አለች። እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ቀስ ብለን ወጣንና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከተማው በሙሉ ከታች ይታያል። ከካርታዬ ጋር እያስተያየሁ የዩሱፍን ቤት ሳሳያት ቆየሁና ጠየቅኋት።

“ለምን አልነገርሽኝም? ያን ሁሉ ቀን፣ አለቀ እያልሽ?”

ነጠላዋን አስተካከለች። “መጋቢት ላይ አሥራ አንድ ቀን ከአልጋ አልወረድክም” አለች።

“ዕረፍት ላይ ነበርኩ።”

“አልነበርክም። ግድግዳ ነበር የምታየው። ሳህኑን እንዳስቀመጥኩት ነበር የማነሣው። ገበያ ተቀምጬ፣ ስመለስ እንዴት ሆኖ ነው የማገኘው እያልኩ የሰፈርኩትን መልሼ እሰፍር ነበር። ለኤደን እንኳ አልነገርኳትም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እየሳቅክ ገባህ። ደንበኛ ቢሄድ ልለምነው እችላለሁ። አንተን ግን እንዴት ብዬ እንደምለምንህ አላውቅም ነበር።”

ይህ ደብተር የሚጀምረው ከሚያዝያ ነው። ስለ መጋቢት አንድም ቃል አልጻፍኩም። አሁንም ብዙ አልጽፍም፤ እውነቷን ነው።

ስንወርድ እጄን ያዘችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር በሐረር መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄደን አናውቅም። ኢድ ስለሆነ መንገዱ በሙሉ ሰው ነው፤ ግማሹ የእኔ ተማሪ፣ ግማሹ የእሷ ደንበኛ።

“ሰው ያየናል” አልኳት።

“ይየን” አለች። እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀችኝም።